ከገነተ ማርያም በላይ የተገኘን ጥንዚዛ ለመለየትና ለመመደብ

ከላሊበላ በስተምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ያለችው ገነተ ማርያም በይኩኖ አምላክ ዘመን በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኗ ትታወቃለች። ከእሷ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ሀብት ያገኛል። የገብሱ ማሳ ያልቅና አስታው ይጀምራል፤ አስታው ይሳሳና ጓሳውና ጅባራው ይተካዋል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ፣ ውርጭ በሚባለው ብርዳማ ቀጠና ድንጋይ ገለጥ ቢያደርጉ ከገብስ ቅንጣት ያነሰ፣ ጠቆር ያለ፣ ፈጣን ጥንዚዛ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ መመሪያ ያንን ፍጥረት አይተው «ምንድን ነው?» ብለው ለሚጠይቁ የተጻፈ ነው፤ መምህርም ይሁኑ ተማሪ፣ አስጎብኚም ይሁኑ የተራራው ጥብቅ ሥፍራ ጠባቂ። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። ተራራው ስለ ጥንዚዛው ማንነት ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍርዱ የሚገኘው ግን ከሰውነቱ አሠራርና በጎረቤት ተራሮች ካሉት ዘመዶቹ ጋር ከማነጻጸር ነው። «እዚህ ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ» የሚለው ቃል የሥራው ማብቂያ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ መነሻው ላይ ቦታ የለውም።

ፍንጩ ለምን ትልቅ እንደሆነ አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። ይህ ከፍተኛ መሬት አንድ ወጥ አይደለም፤ የተከዜና የዓባይ ሸለቆዎች፣ እንዲሁም ስምጥ ሸለቆው ቆራርጠውታል። በውርጭ የሚኖሩ ብዙ የመሬት ጥንዚዛዎች ደግሞ መብረር አይችሉም። ጠንካራው የክንፍ ሽፋናቸው ሲነሳ ከሥሩ መብረሪያው ስስ ክንፍ የለም፤ ቢኖርም ደቃቅ ቅሪት ብቻ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በማዴይራ ደሴቶች በዚያን ጊዜ ከታወቁት 550 የጥንዚዛ ዝርያዎች ውስጥ 200 ያህሉ መብረር የማይችሉ መሆናቸውን ጠቅሶ ምክንያቱን ከነፋሱ ጋር አያይዞታል። አቡነ ዮሴፍ በሚገኝበት በላስታ አናትም ነፋሱና ብርዱ ለበራሪ ነፍሳት አይመችም። ክንፍ የሌለው የውርጭ ጥንዚዛ በእግሩ ተከዜን ወርዶ፣ የቆላውን ሙቀት ችሎ፣ ከወዲያ ማዶ ሰሜን ተራራ ላይ ሊወጣ አይችልም። ለብዙ ሺህ ትውልዶች ተለያይቶ የኖረ ቡድን በየራሱ አቅጣጫ ይለወጣል። ትሬኩስ የተባለው የመሬት ጥንዚዛ ወገን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክሌርቪል የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1806 ከሰየመው ወዲህ በዓለም ከ800 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውለታል፤ በኢትዮጵያ ተራሮችም በየአካባቢያቸው ብቻ የሚገኙ ብዙ ዝርያዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎቹ ዮአኪም ሽሚትና አርኖ ፋይ የባሌንና በአቅራቢያው ያሉትን የእሳተ ገሞራ ተራሮች ትሬኩሶች እንደገና መርምረው ያሳተሙት ሥራ የዚህን ልዩነት ስፋት ያሳያል።

ታዲያ «ከአቡነ ዮሴፍ የተገኘ ከሆነ አዲስ ዝርያ ነው» ብሎ ማሳጠር ለምን አይበቃም? ተራሮቹ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው ተለያይተው ስላልኖሩ ነው። በበረዶ ዘመን በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ ነበር፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ዛሬ በአናት ላይ የቀረው የውርጭ ዕፅዋት በብዙ መቶ ሜትሮች ወደ ታች ወርዶ ነበር። በዚያ ጊዜ ዛሬ የተለያዩ አናቶች በብርዳማ መሬት ሊገናኙ ችለዋል። መሬቱን በዓይነ ልቡና ይመልከቱት። ከላስታ ወደ ሰሜን ተራራ ለመሻገር ጥልቁ የተከዜ ሸለቆ ይገጥማል፤ በጋሸና አድርጎ ወደ ጋይንትና ወደ ጉና ተራራ የሚወስደው ግን በተከዜና በዓባይ ተፋሰሶች መካከል የተዘረጋ ደጋ ነው። ስለዚህ የአቡነ ዮሴፍ ጥንዚዛ የቅርብ ዘመድ በጉና ሊኖር እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ጥርጣሬው ደግሞ መፈተን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም የተሳተፉበት አንድ ጥናት የእነዚህ የደጋ ጥንዚዛዎች ታሪክ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይቷል፤ አንዳንዱ ሐረግ በፍጥነት የበዛ፣ ሌላው የጥንት ቅሪት ነው። ከአንድ ድንጋይ ሥር የተገኙ ሁለት ጥንዚዛዎች የሩቅ ዘመዳሞች፣ ከሁለት ተራሮች የተገኙት ደግሞ የቅርብ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ካርታ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ሥራው እንግባ። ከመውጣትዎ በፊት ፈቃድ ይያዙ። አቡነ ዮሴፍ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ሥፍራ ነው፤ የአካባቢውን አስተዳደርና ጠባቂዎቹን ሳያሳውቁ ድንጋይ መገልበጥ አይገባም። ናሙና ለዘረመል ምርመራ የሚውል ወይም ከሀገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመለከትዎታል፤ ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ወረቀቱ ከጥንዚዛው ጋር አብሮ የሚኖር የናሙናው አካል ነው፤ በኋላ ላሟላው ቢሉ ናሙናው የትም ሊታተም ወይም ሊላክ የማይችል ሆኖ ይቀራል።

ለፍለጋ የክረምቱ ርጥበት ገና ያልጠፋበት መስከረምና ጥቅምት ይመቻል። በበጋ ከምንጭ ዳርና ከረግረግ ጠርዝ አይራቁ፤ ትንንሾቹ ጥንዚዛዎች ድርቀት አይችሉምና። ግማሽ አካላቸው መሬት የገባ ድንጋዮችን፣ የጓሳ ጉብታ ሥርን፣ የወደቀና የበሰበሰ የጅባራ ግንድን፣ ከአስታ ሥር የተጠራቀመ ቅጠልን ይፈትሹ። ያነሱትን ድንጋይ ሁሉ በነበረበት ጎኑ መልሰው ያስቀምጡ፤ ከሥሩ ያለው ርጥበት የሌሎች ነፍሳት ቤት ነው። ለመያዣ ቀጭን ወረንጦ ወይም በአልኮል የራሰ ትንሽ ብሩሽ፣ ለማኖሪያ ጥብቅ ክዳን ያለው ብልቃጥ ይበቃል። አልኮሉ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል የሰውነትን ቅርጽ ያቆያል፤ ለዲ ኤን ኤ የሚያስፈልገው ግን 96 በመቶ ገደማ የሆነ ኢታኖል ነው። አረቄ ለሁለቱም አይሆንም። ከእያንዳንዱ ቦታ የተገኘው በየራሱ ብልቃጥ ይግባ፤ በ3,400 ሜትር የተያዘውንና በ4,000 ሜትር የተያዘውን አንድ ላይ የቀላቀለ ሰው ሊመልሰው የፈለገውን ጥያቄ ራሱ አጥፍቶታል።

አሁን ከሁሉም የማስበልጠውን ክፍል በሰፊው ልናገር፤ እሱም መለያ ወረቀቱ ነው። ብዙ ሰው ጥንዚዛውን ዋና፣ ወረቀቱን ተጨማሪ አድርጎ ያያል። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። እግሩ የተሰበረ ጥንዚዛ ጥሩ ወረቀት ካለው ለሳይንስ ይጠቅማል፤ ያማረ ጥንዚዛ ያለ ቦታና ያለ ቀን ምንም አይመሰክርም። ወረቀቱን በእርሳስ ጽፈው ብልቃጡ ውስጥ ከአልኮሉ ጋር ይክተቱት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል፣ ከውጭ የተለጠፈም ይላጣል። «ገነተ ማርያም» ብቻ ብለው አይጻፉ። መንደሯ ከውርጩ እጅግ ዝቅ ብላ የምትገኝ ስለሆነች በዚህ ስም ብቻ የተመዘገበ ጥንዚዛ ከጓሮ ገብስ ይምጣ ከጅባራ ሜዳ አይታወቅም። በዚያ ላይ የላስታ የቦታ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ በየካርታው መልካቸው ይለያያል። ስለዚህ የቦታውን ስም አካባቢው እንደሚጠራው በአማርኛ፣ ከጎኑ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ ከፍታውን በሜትር፣ የተገኘበትን ሁኔታ («ምንጭ ዳር፣ ከድንጋይ ሥር» ያህል ይበቃል)፣ ቀኑንና የያዘውን ሰው ስም ይጻፉ። ቀኑ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «12/2/2016» ብለው ቢጽፉ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 2023 ነው። አውሮፓ ያለ የሙዚየም ሠራተኛ ግን እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይሳሳታል፤ ወቅቱንም ያዛባል። ወሩን በስሙ ይጻፉ፤ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ያስፍሩ።

ቤት ከገቡ በኋላ ምደባው ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይሄዳል። በዓለም ወደ 400,000 የሚጠጉ የጥንዚዛ ዝርያዎች ስም አላቸው፤ ስለዚህ ቀጥታ ወደ ዝርያ መዝለል አይሞከርም፤ መጀመሪያ አስተኔው (ቤተሰቡ) ይታወቅ። አሥር ጊዜ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ራሱን ይመልከቱ። አፉ ወደ ፊት እንደ ቀንድ ከተሾጠጠ ከነቀዝ ዘመዶች ነው። አንቴናው ጫፉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚከፈት ከሆነ የእበት ጥንዚዛ ወገን ያለበት ቡድን ነው። የክንፍ ሽፋኑ አጥሮ አብዛኛው ሆዱ ከታየ ስታፊሊኒዴ በተባለው አስተኔ ይጀምሩ። ከእነዚህ ካልሆነ ገልብጠው ሆዱን ይዩ። የኋላ እግሩ መነሻ የመጀመሪያውን የሆድ ቀለበት መሐል ለመሐል ከከፈለው፣ አንቴናው ቀጭን ክር መስሎ 11 አንጓ ካለው፣ በሁሉም እግሮች ጫፍ አምስት አምስት አንጓ ከቆጠሩ የመሬት ጥንዚዛ፣ ማለትም ካራቢዴ ነው። በደጋ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ቴኔብሪዮኒዴ የተባለው ሌላ ጥቁር ጥንዚዛ ነው፤ እሱ በፊትና በመካከል እግሮቹ አምስት፣ በኋላ እግሩ አራት አንጓ ብቻ አለው። ስለዚህ የእግር አንጓ መቁጠር አሰልቺ ቢመስልም አይለፉት።

ካራቢዴ ከሆነና ርዝመቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ትሬኩስን ይጠርጥሩ። ራሱ ላይ በዓይኖቹ ዙሪያ ወደ ኋላ የሚዞሩ ሁለት ጥልቅ ቦዮች፣ በክንፍ ሽፋኑ ጫፍ ወደ ፊት ታጥፎ የሚመለስ መስመር፣ በወንዱ የፊት እግር ጫፍ ላይ ሰፋ ብለው ወደ ውስጥ ጥርስ ያወጡ ሁለት አንጓዎች ምልክቶቹ ናቸው። ከዚህ በኋላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ከወገኑ ስም ማለፍ ግምት ነው። ቀለምንና መጠንን ማስረጃ አድርገው አይቁጠሩ። ገና ሙሉ ጥንዚዛ ሆኖ የወጣው ለቀናት ቢጫማ ሆኖ ይቆያል፤ በእጭነቱ የተራበውም ከወንድሙ ያንሳል። የተሻሉት ምስክሮች የደረት ሽፋኑ የኋላ ማዕዘን ቅርጽ፣ የዓይኑ ስፋት ከጉንጩ ጋር ሲመዘን፣ በክንፍ ሽፋኑ ላይ ያሉት ረጃጅም ነጠላ ጸጉሮች ብዛትና ቦታ ናቸው። እነዚህን በአንድ ናሙና ሳይሆን በተገኙት ሁሉ ላይ ለክተው ይጻፉ፤ የአንዱ ዝርያ ውስጣዊ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቁ ከሌላው ጋር ያለውን ልዩነት መመዘን አይቻልም።

የመጨረሻው ወሳኝ አካል የወንዱ የመራቢያ አካል ነው። እነዚህ ጥንዚዛዎች ከውጭ እጅግ ተመሳሳይ ሆነው በዚህ አካል ቅርጽ ግን በግልጽ ይለያያሉ። ናሙናውን ለብ ባለ ውኃ አለስልሰው አካሉን ከሆዱ ጫፍ በቀጭን መርፌ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋው እስኪጠራ ያቆዩት፤ ከጎንና ከላይ ይሳሉት ወይም ፎቶ ያንሱት። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ጥንዚዛው በስፒል በተሰካ ትንሽ ካርቶን ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ የወጣው አካልም ከሥሩ በዚያው ስፒል ላይ ይቀመጣል፤ እንዳይለያዩ። ትንሽ ጥንዚዛን ሰውነቱን በስፒል መውጋት ግን ማበላሸት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው «ጥሩ ፎቶ ካለ መግደል ለምን?» የሚል ነው። ለትልልቅና ለታወቁ ነፍሳት ፎቶ ይበቃል፤ መኖራቸውን ለመመዝገብም ጥሩ ነው። ወሳኙ ምልክት ሆድ ውስጥ ባለበት በዚህ ወገን ግን ፎቶ የዝርያውን ስም አያረጋግጥም። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል፤ «ብርቅ ከሆነ መያዝ አያጠፋውም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ቅን ነው፤ ነፍስ ያለውን ያለ ምክንያት ማጥፋትም ትክክል አይደለም። በተራራው አናት በጠባብ ቦታ ብቻ የሚኖርን ፍጥረት በጅምላ የሚሰበስብ ሰው በእርግጥ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ጥቂት ወንድና ጥቂት ሴት ይበቃል፤ ለቀናት የሚተው የጉድጓድ ወጥመድም አይቀበር፤ ተቀብሮም ከሆነ በየቀኑ ይታይ። ነገር ግን «ብርቅ» የምንለው ብዙ ጊዜ የፈላጊ ማነስ ነው። ለዚህ ጥንዚዛ ትልቁ አደጋ የመኖሪያው መጥፋት ነው፤ ጓሳው በልቅ ግጦሽ ሲሳሳ፣ እርሻው ሽቅብ ሲገፋ፣ ሙቀቱ ሲጨምር መሸሻው ወደ አናቱ ብቻ ነው፤ ከአናቱ በላይ ደግሞ መሬት የለም። ስም የሌለውን ፍጥረት በጥብቅ ሥፍራ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ ጥቂት ናሙና የሚሰጠው ጥቅም ይህ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዲ ኤን ኤ ይበቃል የሚለው ነው። በእንስሳት ለመለያነት የሚነበበው የዘረመል ቁራጭ 658 ፊደላት ያህል ነው፤ ሴትንና እጭን ከወንዱ ጋር ለማዛመድ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ነገር ግን የተነበበው ፊደል የሚናገረው ከሌላ ፊደል ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። ከጉና፣ ከጮቄና ከሰሜን ተራሮች የተገኙ ዘመዶቹ ካልተነበቡ የላስታው ጥንዚዛ ከማንም ጋር ስላልተመሳሰለ «አዲስ» ይመስላል። በቅርቡ የተለያዩ ዝርያዎችም በዚህ ቁራጭ ላይ ላይለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ቅርጽ፣ ዘረመልና ቦታ ሦስቱም አንድ ነገር ሲሉ ፍርድ ይሰጥ፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ «ትሬኩስ፣ ዝርያው ያልተወሰነ» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው።

ከሕያዋን ዘመዶች ሌላ የቆዩ ስሞችም ይፈተሹ። በእንስሳት ስያሜ ደንብ አስቀድሞ የተሰጠ ስም ይቀድማል፤ የላስታ አካባቢ ደግሞ ለጥንዚዛ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። አሺል ራፍሬ እ.ኤ.አ. በ1882 የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚገልጽ መጽሐፍ በፓሪስ ያሳተመ ፈረንሳዊ ነው፤ የጥንዚዛ ሊቅም ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በኢትዮጵያ ስለሰበሰባቸው የመሬት ጥንዚዛዎች ጽፏል። እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1952 እና 1953 በሰሜን ተራራ ሰብስቧል። ስለዚህ አዲስ የመሰለዎት ጥንዚዛ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ስም ሊኖረው ይችላል። የቆዩት ናሙናዎች በአመዛኙ እንደ ፓሪስና ለንደን ባሉ ሙዚየሞች ስለሚገኙ «ታዲያ ሥራውን ለውጭ ሊቃውንት ብንተወውስ?» የሚል አለ። አልስማማም። የሙዚየሙን ናሙና ፎቶና ሥዕል በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል፤ ተራራውን በየወቅቱ መመልከት፣ ከፍታ በከፍታ መፈለግ፣ የቦታውን ትክክለኛ ስም ማወቅ ግን የሚችለው እዚያው ያለ ሰው ነው። ሁለቱ ወገኖች ሥራውን ተካፍለው በአንድነት ቢጽፉ ይሻላል።

ሁሉ ተሟልቶ ጥንዚዛው በእርግጥ አዲስ ከሆነ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት ይታተማል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት አራተኛው እትም ለአዲስ ዝርያ ስሙን የሚሸከም ናሙና በግልጽ እንዲሰየምና የሚቀመጥበት ተቋም እንዲገለጽ ያስገድዳል፤ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ደግሞ ዙባንክ በተባለው መዝገብ መመዝገብ አለበት። ስሙን የሚሸከመው ናሙና አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ ተጨማሪዎቹ ለሌሎች ሙዚየሞች ሊከፋፈሉ ይችላሉ። ጥንዚዛው የታወቀ ዝርያ ሆኖ ቢገኝም ሥራው ከንቱ አይደለም፤ የጉና ዝርያ በአቡነ ዮሴፍ መገኘቱ ሁለቱ ተራሮች አንድ ጊዜ ተገናኝተው እንደነበር የሚመሰክር ግኝት ስለሆነ ይታተም። በሁለቱም ሁኔታ የናሙናዎቹን ዝርዝር፣ የሙዚየም ቁጥራቸውንና የተገኙባቸውን ከፍታዎች በአማርኛ ጽፈው አንድ ቅጂ ለጥብቅ ሥፍራው ጠባቂዎች ይስጡ፤ ቀጣዩ ፈላጊ የት እንደተፈለገና የት ገና እንዳልተፈለገ ከእነሱ ይጠይቃልና።